ስለ ሴቶች የእግር ኳስ ሊግና ስለ ይፋት ልጃገረዶች

ኳስ የወንድ ልጅ ጨዋታ ነው የሚለው አሳብ ወደ ኢትዮጵያ ከኳሱ ጋር አብሮ የገባ እንጂ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ አይደለም። ስለ ገና ጨዋታ ቢሆን ሽማግሌዎች ቀርበው የወንዶች ነው ብለው ቢመሰክሩ ማንም አይከራከራቸውም። የእግር ኳስ ግን ለወንዱም ለሴቷም እኩል እንግዳ ሆኖ የመጣ ጨዋታ ነው፤ ወንዶቹ ቀድመው ወጥተው ስለ ተቀበሉት ብቻ እንግዳው የእነርሱ የሥጋ ዘመድ መሰላቸው። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ የሴቶች የእግር ኳስ ሊግ ነገር በተነሣ ቍጥር «ባህል አይፈቅድም» የሚለው መልስ ሳይመረመር የሚቀርብ ስለ ሆነ ነው። ባህል ስለማያውቀው ነገር መፍቀድም መከልከልም አይችልም።

የወንዶቹም ጨዋታ ቢሆን የተጀመረው በታላቅ ነገር አልነበረም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሪቱን በወረረበት ወራት ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ የኢትዮጵያውያን የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የኢጣልያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነበሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ተነሥቶ «አምስት ቡድን ምን ያደርጋል፣ ተመልካችስ ከየት ይመጣል፣ ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ቢውል አይሻልም ወይ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ የማያሳፍር ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረተች፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ከአምስት ቡድን ተነሥቶ እስከ አህጉር ዋንጫ የፈጀው 18 ዓመት ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነሥተው ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ታዲያ የሴቶቹ ሊግ ትንሽ ነው፣ ተመልካቹም ጥቂት ነው ብሎ የሚያቃልል ሰው የወንዶቹን አጀማመር የረሳ ነው።

የሠለጠኑ የሚባሉት አገሮችም በዚህ ነገር ከነቀፋ አላመለጡም። እንግሊዞች ለዓለም ሁሉ የኳስን ደንብ ያስተማሩ ሕዝብ ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. በገና ማግሥት በሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ በተባለው ሜዳ ዲክ ከር የሚባለው የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ተመለከተ። ይህን ያህል ሰው የሰበሰበ ቡድን መሸለም ሲገባው፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በታኅሣሥ 1921 የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ፣ በሥሩ ያሉት ክለቦች ሁሉ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚልም በ1941 ዓ.ም. በሕግ ከልክላ እስከ 1979 ዓ.ም. አልፈታችም። የወንዶች የዓለም ዋንጫ በ1930 ሲጀመር የሴቶቹ በቻይና አገር የተጀመረው በ1991 መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ በመካከሉ 61 ዓመት አለ። እንግዲህ ሴቶች ልጆች በኳስ ወደ ኋላ ቀሩ ሲባል፣ ማን እንዳስቀራቸውም አብሮ ቢነገር ፍርድ ይስተካከላል።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የክልከላ ሕግ አላወጣችም። ሳይከለክሉ ዝም ማለት ግን ከክልከላ ብዙ አይርቅም። ከዚህም የተነሣ ነገሩ በተገላቢጦሽ ሄደና ብሔራዊው ቡድን ከሊጉ ቀደመ። የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን በ1995 ዓ.ም. ናይጄሪያ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና ተካፈለ፤ በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በናይጄሪያ ተሸነፈና አራተኛ ሆኖ ተመለሰ። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በኢኳቶሪያል ጊኒ በተደረገው ሻምፒዮናም ተገኝቷል። ቡድኑ የሚጠራበት ስም ሉሲ ነው፤ ይኸውም በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ የተወሰደ ነው። ከይፋት ቆላ ወርዶ የአዋሽን ውሃ ተከትሎ የተጓዘ ሰው ወደዚያ አገር ይደርሳልና፣ ስሙ ለይፋት ልጆች የሩቅ ስም አይደለም።

አራተኛነት ያገኘ ቡድን ከበስተ ኋላው የሚመግበው ቋሚ ውድድር ሊኖረው ይገባ ነበር። ወንዝ ያለ ምንጭ እንዴት ይወርዳል? አገር አቀፍ የሆነው የሴቶች ክለቦች ሊግ ቀስ በቀስ ተደራጅቶ መልክ የያዘውና ስሙ የተሰማው በ2000ዎቹ ዓመታት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገነነው ክለብ ደደቢት ነበር፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን ደጋግሞ ሲወስድ ኖረ። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ አዳማ ከተማ ሄደ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ገብቶ ውድድሩ ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው መሪነት ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. አራት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስቀድም ዋንጫውን ወሰደ። ሐዋሳ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ የቀድሞው መብራት ኃይል የዛሬው ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ መከላከያ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ጌዴኦ ዲላና ሌሎችም በየዓመቱ ተሰልፈው ተጫውተዋል። ሊጉ አድጎ በደረጃ ተከፍሏል፤ ከታች ያለው ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ከላይ ያለውም የሚወርድበት መንገድ ተሠርቶለታል። ይህ የመውጣትና የመውረድ ሥርዓት ቀላል ነገር መስሎ የሚታይ ቢሆንም፣ አንድን ውድድር ከበዓል ጨዋታ ለይቶ ደንበኛ ሊግ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ከዚህ ሊግ የወጡት ልጆች ሥራ ለሚጠራጠር ሰው ምስክር ይሆናል። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በሐዋሳ፣ በደደቢትና በአዳማ ተጫውታ፣ በስዊድን አገርም ሞክራ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ክለብ ጋር የአገሩን ሻምፒዮና ስትወስድ ግብ በማግባትም ከሁሉ ቀዳሚ ነበረች። ተመልሳ ለንግድ ባንክ ተጫወተች፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻም አሜሪካ ገብታ የዋሽንግተን ከተማ ክለብ ለሆነው ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ በፈረንጆች 2015 ካናዳ ላይ በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ ላይ በተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ተመርጣ ፊሽካ ይዛ ገብታለች። የኢትዮጵያ የወንዶች ቡድን ለዓለም ዋንጫ ደርሶ አያውቅም፤ ይህች ሴት ዳኛ ግን በዓለም ዋንጫ ሜዳ የኢትዮጵያን ስም አስጠርታለች። ይህ ለወንዶቹ ስድብ ሆኖ እንዳይቈጠር፤ የተደረገውን መናገር ብቻ ነው።

በክለብ ውድድርም የተገኘው ፍሬ የሚናቅ አይደለም። የአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ሲቋቋም ንግድ ባንክ ምሥራቅ አፍሪካን ወክሎ ለመግባት ደጋግሞ ደጁን አንኳኳ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኲንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዑጋንዳ ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛንያው ጄኬቲ ኲንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። ሁለት ጊዜ ከደጃፍ የተመለሰ ሰው ሦስተኛ መሄድ ያሳፍረዋል፤ እነዚህ ልጆች ግን አላፈሩም። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ውድድሩ በአዲስ አበባ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ሲደረግ በፍጻሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ አሸንፈው ዋንጫውን አስቀሩ። በዚያው ዘመን የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን በአገር ውስጥ የተፈቀደለት ሜዳ አጥቶ «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ሴቶቹ በገዛ አገራቸው ሣር ላይ፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ያገኙት ድል ምን ያህል እንደሚጥም ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሞሮኮ ላይ ከአህጉሩ ታላላቅ ክለቦች ጋር ሲገናኙ ከምድባቸው ማለፍ አልቻሉም። የናይጄሪያው ኤዶ ኲንስ 3 ለ 0 አሸነፋቸው። በዚያ የታየው ልዩነት የልብ ሳይሆን የዝግጅት ነው፤ የናይጄሪያ ልጅ በአሥር ዓመቷ የጀመረችውን የኢትዮጵያ ልጅ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ትጀምረዋለች።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊጉ ከላይ ለምልሟል፤ ከታች ግን ሥሩ ቀጭን ነው። የሊጉን ክለቦች ስም ያነበበ ሰው አብዛኞቹ በአዲስ አበባና በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል እንደሚገኙ ያስተውላል። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ዱራሜ ልጆችን ያፈራሉ፤ በዚያ አገር ሴት ልጅ በመንደር ሜዳ ኳስ ስትመታ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ሰሜን ሸዋ ግን በዋናው ሊግ ዋንጫ ከወሰዱት መካከል ስሙ የለም። ይህም የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ አገር ሴቶች እግር የደከመ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በታች ከጫጫ የተነሣችው ጌጤ ዋሚ በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ሲቪል በተባለችው የስፔን ከተማ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በአገር አቋራጭም በ1996 እና በ1999 ዓለምን አሸንፋለች። የንግድ ባንክ ልጆች ዋንጫ ያነሡበት ስታዲየም የተሰየመለት አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚያው በሸዋ በጃቶ ነው። በሩጫ እንዲህ ያለ ዘር ያበቀለ መሬት በኳስ መካን የሚሆንበት ምክንያት ከልጆቹ ሳይሆን ከአዋቂዎቹ ዘንድ ሊፈለግ ይገባል።

ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲናን ያገኛል። ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ፣ መኪናው ሲቆም፣ ቆሎ ያዙ ሴቶችና ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። የደብረ ሲና ቆሎ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። አንዲት ልጅ የያዘችውን ሳታፈስስ ከአንዱ አውቶቡስ ወደ ሌላው ስትሮጥ፣ ከጓደኛዋ ቀድማ ስትደርስ፣ ስትዞርና ስታመልጥ አይቶ እግር ኳስን የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ከዚያ ከ35 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል፤ ደጋው ቀርቶ ቆላ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ማንጎው፣ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለ። ታላላቅ ቡድኖች ለሥልጠና ብለው ብዙ ገንዘብ ከፍለው ደጋና ቆላ ሲፈልጉ፣ ይፋት ሁለቱንም በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ይዞ ተቀምጧል።

የዚህ አገር ልጃገረድ ጨዋታ የማታውቅ አይደለችም። ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል፣ ገመድ ስትዘል፣ ቅልብልቦሽ ስትጫወት ታድጋለች፤ ወንድሟ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ያሰረውን ኳስ ስትመታም ማንም አይከለክላትም። ክልከላው የሚመጣው በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ውሃውና እንጨቱ፣ የታናናሾቿ ጥበቃና የገበያው ሥራ በትከሻዋ ይወድቃል፤ ወንድሙ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ኳስ ይዞ ሲወጣ እርሷ እንስራ ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ «ሴቶች ኳስ አይወዱም» ሲባል፣ የጎደለው ፍቅሩ ሳይሆን ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ሊግ የሚሠራው ከዚህ ከሁለት ሰዓት ነው።

የወላጆችን ስጋት ግን እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥሮ መናቅ ስሕተት ነው። እናት ልጇ በምሽት ከሜዳ ስትመለስ መንገድ ላይ ምን ያገኛታል ብላ ብትፈራ የምትፈራው እውነተኛ ነገር ነው። አባትም ልጄን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው አሠልጣኝ ማነው፣ የት ታድራለች፣ ብትሰበር ማን ያሳክማታል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። የሃይማኖት አባቶች ስለ አለባበስ ቢናገሩም እንዲሁ ነው፤ ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ነውና። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በፈረንጆች 2014 ዓ.ም. ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ በደንብ ፈቅዷል፤ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫም የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና ሂጃብ ለብሳ ተሰልፋለች። ረጅም ሱሪና እጅጌው የረዘመ ቀሚስ ኳስን አያግደውም። የሚያግደው ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቶ ወላጁ ዝም ብሎ ልጁን ከቤት ሲያስቀር ነው። ስለዚህ ለወላጅ መልስ ሳያዘጋጅ የሴቶች ቡድን አቋቋምሁ የሚል ሹም ቡድኑን በወረቀት ላይ አቋቁሟል ማለት ነው።

የገንዘብም ነገር አለ። የሴቶች ክለቦች አብዛኞቹ በመንግሥት ባንክ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ይህ ለጀማሪ ሊግ እንደ ድክመት አይቈጠርም፤ ነገር ግን በጀት ባነሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚቈረጠው የማን ቡድን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ደደቢት በሊጉ አናት ላይ የነበረ ክለብ ሆኖ ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ከዚያ ሥፍራ ሲጠፋ፣ ያሠለጠናቸው ልጆች በየክለቡ ተበተኑ። የደመወዙም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለሴቷ የሚከፈለው ለወንዱ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ልጆች በሃያ አምስትና በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ ጨዋታ በሚበስልበት ዕድሜ፣ ጫማቸውን ይሰቅላሉ። የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በአህጉር ውድድር የሚሳተፍ የወንዶች ክለብ ሁሉ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው በፈቃድ ደንቡ ማዘዙ መልካም ነው። ሆኖም በትእዛዝ ብቻ የተቋቋመ ቡድን ለማኅተም ያህል የቆመ ሊሆን ይችላልና፣ መሥሪያ ቤቶች የሴቶቹን ወጪ ከወንዶቹ በጀት ተራፊ ሳይሆን ራሱን በቻለ መደብ ሊጽፉት ይገባል።

ይፋት በነዚህ ዓመታት ከሌላው የበለጠ መከራ ማየቱም መዘንጋት የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ሰው ከቤቱ ተሰደደ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ መንገዱን ሲያስፈራ ቆይቷል። «ሰው ስለ ሕይወቱ በሚጨነቅበት አገር ስለ ኳስ ማውራት ምንድር ነው» የሚል ሰው ቢነሣ ነገሩ ልብ ይነካል፤ ሆኖም ተመልሶ ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወንዱ ልጅ ይቦዝናል፤ ሴቷ ልጅ ግን ትዳራለች። ዓመት አቋርጣ ወደ ክፍል የምትመለሰው ልጅ እንድትመለስ የሚስባት ነገር ያስፈልጋል፤ ለአንዳንዷ መጽሐፉ ይበቃል፣ ለሌላዋ ግን በትምህርት ቤቱ ስም የምትለብሰው ማሊያ ከመጽሐፉ ቀድሞ ይጠራታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተቋቋመበት ጊዜም የጥጋብ ጊዜ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከአዲስ አበባ ታላቅ ነገር መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ሞላሌ፣ አንኮበር፣ መሐል ሜዳ እያንዳንዳቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላቸው ከተሞች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ መንገዱ ሰላም የሆነላቸው አራቱ ብቻ እንኳ አንድ አንድ የሴቶች ቡድን ቢያሰልፉ፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ደርሶ መልስ ቢጫወት 12 ጨዋታ ይሆናል። በ1936 ዓ.ም. የነበሩት ቡድኖች አምስት እንደ ነበሩ ከላይ ተነግሯል። ጊዜው ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ይሻላል፤ የመኸሩ አዝመራ ተሰብስቦ ያልቃል፣ የቆላው ሙቀትም ገና አይበረታም። ጨዋታው በቅዳሜ ጧት ሆኖ ልጆቹ ከምሽት በፊት እቤታቸው ቢገቡ የእናቶች ስጋት እኩሌታው ይቀራል። ከቡድኑ ጋር የምትሄድ አንዲት ሴት መምህር ብትኖር የቀረውም ይቀልላል። ሴት አሠልጣኝ ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ሰላም ዘርዓይ ብሔራዊውን ቡድን አሠልጥናለች፣ ከሊጉ ጫማቸውን ሰቅለው ያለ ሥራ የተቀመጡትም ተጫዋቾች ጥቂቶች አይደሉም። የስፖርት ቢሮው አጭር የአሠልጣኝነት ትምህርት ሰጥቶ ለየትምህርት ቤቱ አንዳንዷን ቢመድብ፣ በአንድ ወገን ለእነርሱ እንጀራ፣ በሌላ ወገን ለልጆቹ አርአያ ይሆናል።

ወጪው ሲታሰብ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ኳስ፣ ማሊያ፣ ጫማ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ የአውቶቡስ ኪራይና ለአቅመ ደካማ ልጆች ምሳ ነው። ሁለት ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ይረሳል፤ እነርሱ ከተረሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። አንደኛው ከሜዳው አጠገብ በር ያለው፣ ውሃ ያለው፣ ልጆቹ ልብሳቸውን የሚለውጡበት ክፍል ነው። ሁለተኛው የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ነው፤ ይህን በጋዜጣ ላይ መጻፍ ነውር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በየወሩ አራትና አምስት ቀን ከትምህርት ቤትም ከሜዳም የምትቀረውን ልጅ ቈጥሮ ነውሩ የቱ ላይ እንደ ሆነ ራሱ ይፍረድ። ነጋዴዎችም አሉ። የሸዋ ሮቢት የሽንኩርትና የፍራፍሬ ነጋዴ ለወንዶቹ ዋንጫ ገንዘብ ሲያዋጣ የኖረ ሰው ነው፤ ለሴቶቹም ቢጠየቅ የሚነፍግበት ምክንያት የለም፣ እስከ ዛሬ ያልሰጠውም ያልተጠየቀ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል።

ሜዳውን በሚመለከት የየከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ሥራ አለ። በብዙ ከተማ ሜዳው አንድ ነው፤ ያም አንድ ሜዳ ከሰኞ እስከ እሑድ በወንዶች እጅ ነው። ሴቶቹ ሲመጡ «እናንተ ጥጉ ላይ ተጫወቱ» ይባላሉ፤ ጥጉም ድንጋይና ቁልቁለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሳምንቱን ሰዓት ከፍሎ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜም ጧት የሴቶች ነው ብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ጠባቂውም እንዲያስከብር ቢታዘዝ፣ አንድ ብር ሳይወጣ የሊጉ ግማሽ ተሠራ ማለት ነው። ደብረ ሲና ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች ደልዳላ መሬት ማግኘት ያስቸግራታል፤ ለሸዋ ሮቢት ግን ይህ ችግር አይደለም። የመጀመሪያው ጨዋታ በሸዋ ሮቢት ቢሆንና የደብረ ሲና ልጆች ወርደው ቢመለሱ የአውቶቡሱን ኪራይ ዞኑ ይክፈል፤ የመልሱ ጨዋታ እስኪደርስም የደብረ ሲና ሜዳ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ የግቡ ቋሚዎች ተተክለው፣ መልበሻ ክፍሉ በር ተገጥሞለት ይቆይ።